የማክሰኞዋ ሴትዮ

ክላይቭ ማክሰኞ ማክሰኞ ጢሙን መላጨት ከጀመረ አራት ሳምንት ሆኖታል። በሌላው ቀን እንደ ድሮው ሳይላጭ ነው ወደ ፋብሪካው የሚሄደው። ሚስቱ ዶሪን ይህን ያስተዋለችው በሁለተኛው ሳምንት ነው።

የሎንግተን ከተማ የሸክላ ፋብሪካ በመጋቢት እንደሚዘጋና መጀመሪያ የሚቀነሰውም ክላይቭ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራበት የምድጃ ክፍል እንደሆነ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። የሠራተኛ ማኅበሩ አንዲት አማካሪ አምጥቶ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሠራተኞች ምግብ ቤት ጥግ ላይ አስቀምጧታል። ጊሊያን ትባላለች። ለሚሰናበቱት ሰዎች፣ ለሥራ አጥነትም ለጤና ችግርም የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ ማመልከቻ ታስሞላለች።

ዶሪን ስለ ደብዳቤው በጠየቀችው ቁጥር ክላይቭ እንግዲህ እናያለን ብሎ ያልፈዋል። የጊሊያን ወሬ ግን አያልቅበትም። ጊሊያን እንዲህ አለች፤ የጊሊያን ውሻ እግሩ ተሰበረ፤ ጊሊያን የአጃ ቂጣ የምትበላው በአይብ ሳይሆን በማር ነው። ክላይቭ እስከዛሬ የማንንም ሴት ምሳ አስተውሎ አያውቅም።

“ስንት ዓመቷ ነው?” አለችው አንድ ቀን ሳህን እያጠበች።

“የማን?”

“የማን ይላል ደግሞ።”

“እኔ እንጃ። አልጠየቅኋት።”

ባልና ሚስት ማመልከቻውን አብረው ነው የሚሞሉት ተባለና በአምስተኛው ማክሰኞ ዶሪንም ተጠራች። ለሠርግ የምትለብሰውን ሰማያዊ ካፖርት ለብሳ ሄደች። ጊሊያን ስልሳ ሊሞላት የተቃረበ፣ ጉንፋን የያዛት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ሆና ተገኘች። ዶሪንን ቀለል ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም። ሴትዮዋ እሱን “ክላይቭ” ትለዋለች፤ እሷን “ወይዘሮ ሸንተን”።

ጊሊያን ከክላይቭ ጋር ስለ ጤናው አስቀድመው የሞሉትን ፎርም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ቀኝ ክንዱ ከደረቱ በላይ አይነሣም፤ ሁለት ዓመቱ። ሌሊት ሕመሙ ከእንቅልፉ ያነቃዋል። ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ እስኪረጋጋ ይጠብቃል፤ አንዳንዴም ያለቅሳል። ዶሪን እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ አዳመጠች። እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰነፍ ሆነብኝ እያለች ነበር ከላይኛው መደርደሪያ ኩባያ የምታወርድለት። ይህን ሁሉ ለዚህች ሴትዮ በአራት ማክሰኞ ነግሯታል።

“አንድ የማይገጥም ነገር አለ” አለች ጊሊያን። “ልብስ ስለብስ ማንም አይረዳኝም ብለሃል። በዚህ ትከሻ ሹራብ እንዴት አድርገህ ነው የምትለብሰው?”

ክላይቭ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። “እንደምንም።”

“እንደምንም ነጥብ አያሰጥም፣ ክላይቭ። ድጎማው የሚፈቀደው በነጥብ ነው፤ ሰው እንደሚረዳህ ካልተጻፈ ማመልከቻህ ሊወድቅ ይችላል።”

ያን ጊዜ ዶሪን ገባት። ክላይቭ በየጠዋቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ይደፋላታል። እሷ ሹራቡን ታጠልቅለታለች፤ ጭንቅላቱ ብቅ ሲል አፍንጫውን ትስመዋለች። ይኸም ሁለት ዓመቱ ነው። በስተርጅና ፍቅር መጣብን ብላ ለእህቷ ሳይቀር አውርታለች።

“ትከሻህን ስላመመህ ነው እንዴ?” አለችው ቀስ ብላ።

“መጀመሪያ እንደዚያ ነበር” አለ ክላይቭ። ጆሮው ቀላ። ከዚያ ወደ ጊሊያን ዞረ። “እሱ አይጻፍ። እሱ የኛ ነው።”

ጊሊያን ብዕሯን አስቀምጣ አፍንጫዋን ጠረገች።

ዶሪን ሴትዮዋን አየቻት። መኪና ውስጥ ስላነባው እንባ ሴትዮዋ ታውቃለች፤ የሹራቡን ነገር ግን አልሰማችም። ዶሪን ደስ አላት፤ ደስ ማለቱም አሳፈራት።

“ይጻፉት” አለች። “በየቀኑ ሚስቱ ታለብሰዋለች ይበሉ።”

ጊሊያን ጻፈች። “ሌላ የሚጨመር አለ፣ ወይዘሮ ሸንተን?”

“የለም” አለች ዶሪን የክላይቭን አፍንጫ አየት አድርጋ። “ሹራብ ብቻ ነው።”