ጋሽ እንድሪስ ፊልም ቤት የማሉት መሐላ

ቀበሌያችን ለስብሰባ ብሎ ጠርቶን ፊልም ያሳየን አንድ እሁድ ከሰዓት ነው። ንግግሩ ቀረ ሲባል ሰው ሁሉ ደስ አለው። መውጣት ግን አይቻልም፤ በሩ ላይ ጥበቃ ቆሟል። ሲኒማ ረግጠው የማያውቁት ጋሽ እንድሪስ፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈሩ ባለወፍጮ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ማይክራፎኑን የያዘው ሰይድ ሲያያቸው ላብ አጠመቀው። ሰይድ ኮምቦልቻ ጋራዥ ከሩሲያዎች ጋር ሲሠራ በለቃቀማት ቋንቋ ፊልም እየተረጎመ የሚኖር ልጅ ነው። የጋሽ እንድሪስን ልጅ ዘይቱናን ወዶ ሼህ በሺርን ከነጓደኞቻቸው ሽማግሌ ቢልክ፣ ቁጭ በሉ እንኳ ሳይባሉ ተመለሱ።

«ከአፉ እውነት ወጥቶ ለማያውቅ ለፍላፊ ልጄን ከምሰጥ ወፍጮዬን ብዘጋ ይሻለኛል!» ነበር መልሱ።

ፊልሙ የሩሲያ ነው፤ የዱሮ ጦርነት። አንዲት የገበሬ ልጅ የቆሰለ የጠላት ወታደር ድርቆሽ ውስጥ ደብቃ ታስታምማለች። ተዋደዱ። ከዚያ ባርኔጣ ያደረጉ ሦስት አዛውንቶች ወደ ልጅቷ ቤት ገቡ።

ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሽማግሌዎች ናቸው። ልጅቷን ለወታደሩ ሊጠይቁ መጡ።»

«እሰይ!» አሉ ሴቶቹ ከኋላ።

ሸራው ላይ አባትየው ጠረጴዛውን በቡጢ መትቶ በሩን አሳያቸው።

«ለሱ ከምሰጥ ወፍጮዬን ብዘጋ ይሻለኛል ይላል» አለ ሰይድ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ እንድሪስ ብቻ ነገሩ አልገባቸውም፤ ወለሉን በዱላ መቱት። «ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነው! ይህን የሚያህል ሽማግሌ ቆሞ ይመለሳል? ወላሂ፣ እኔ ብሆን እሰጠዋለሁ!»

«ወላሂ አልክ፣ እንድሪስ» አሉ ሼህ በሺር ከኋላቸው ጎንበስ ብለው። «እኔም ደጅህ ቆሜ ነው የተመለስኩት።»

አሁን ገባቸው። ዞረው ሰይድን አዩት።

«ጋሽ እንድሪስ፣ እልል እንበል ወይስ ፊልሙን እንይ?» አለች ጎረቤታቸው ፀሐይነሽ።

ሰይድ ዝም ቢል ዘይቱናን ያገኛት ነበር። ግን መሐላ የሚያህል ነገር፣ ያውም በውሸት የወጣ፣ እንዴት አድርጎ ይቀበል? ሸራው ላይ ወታደሩን በረዶ ውስጥ እየጎተቱት ነው።

«ጋሽ እንድሪስ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ በማይክራፎኑ። «እነዚያ ባለባርኔጣዎች ሽማግሌዎች አይደሉም። ጎረቤት ናቸው፤ ወታደሩን አውጣና እንግደለው ነው ያሉት። አባትየው ደበቀላት እንጂ አልከለከላትም። ወፍጮውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ይኸው፣ አሁን ገደሉት። መሐላውን ይመልሱት።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች ዘይቱና ከሴቶቹ መሃል ብድግ ብላ። «ስትለፈልፍ ኖረህ ዛሬ ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ እንድሪስ አልሳቁም። ሸራውን እያዩ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«አባትየው አልከለከለም?»

«አልከለከለም።»

«እንግዲያ ደረቁ እኔ ብቻ ነኛ።» ወደ ኋላ ዞሩ። «በሺር፣ ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ ጓደኞችህን ይዘህ ና።»

«ቆመን ነው ቁጭ ብለን?»

«አግዳሚውን አወጣዋለሁ። ግን ያ ልጅ አብሯችሁ እንዳይመጣ፤ አስተርጓሚ አያስፈልገንም።»