በሕግ አምላክ ያስቆምኳት መኪና

ይህን ነገር ሌላ ሰው አጣምሞ ከሚያወራው እኔው ብናገረው ይሻላል።

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። የላሊበላ ከተማ ምክር ቤት ሰብስቦን፣ «የመኪና ጭስ አየሩንም ውቅር ቤተ ክርስቲያኑንም እየጎዳ ነው። ከእንግዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጡት በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪኖች ብቻ ናቸው፤ አቅመ ደካማም ያመላልሳሉ» አለን። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ እጄን ከነጠላዬ አላወጣሁም። እንግዳ ተሸክማ ተራራው ላይ እስካለችው አሸተን ማርያም የምትወጣ በቅሎ አለችኝ፤ ነገ እዚያም ደርሰው ሥራዬን ሊነጥቁኝ ነው ብዬ ቂም ያዝኩ።

የመጀመሪያዋ መኪና ሥራ በጀመረችበት በማርያም ዕለት፣ በጠዋት፣ ዳገቱ መሐል ተገተርኩ።

«በሕግ አምላክ! ንቅንቅ እንዳትል!»

በእኛ አገር በሕግ አምላክ የተባለ ሰው፣ ያስቆመው ካለቀቀው አይራመድም። ደርበው የሚባለው ሹፌር ቆመ።

«እማማ ባንችይርጋ፣ ቅዳሴ ሊገባ ነው፤ ይልቀቁን።»

«ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት! በምን እንደምትሄድ ሳትነግረኝ ወዴት?»

«በመብራት ነዋ!»

«እናትህ ቤት መብራት በሳምንት ስንቴ ይመጣል? እሱ ነው ዳገት የሚያወጣህ?»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ጣመኝና ቀጠልኩ። የበቅሎዬን ዘር ሳወድስ፣ የምክር ቤቱን ሰዎች አንድ በአንድ ስሞልጭ፣ ቅዳሴ መግባቱን የሚናገረው ደወል ተደወለ።

ያኔ ከኋላ ወንበር፣ «ባንችይርጋ፣ አንቺ ነሽ?» የሚል ድምፅ መጣ።

የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ሩፋኤል! እግራቸው ከተያዘ ሦስት ዓመት፣ ቤተ ክርስቲያን ረግጠው አያውቁም። ከዋዜማው ጀምሮ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ሊቆርቡ ነበር የሚሄዱት። ቅዳሴ ከገባ በኋላ ለደረሰ ደግሞ ቁርባን የለም።

«ምነው አባቴ፣ ቀድመው ቢናገሩኝ?»

«በሕግ አምላክ አልሽ፤ እኔም ቆምኩ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ደርበው ዞረው፣ «መልሰኝ ልጄ» አሉ።

የሚስቅ ሰው አልነበረም። ቤታቸው ከቤቴ ሁለት አጥር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በበቅሎዬ ፈረንጅ ሳወጣ ሳወርድ፣ አንድ ቀን እንኳ «በቅሎዋ አባን ታድርሳቸው» አላልኩም። ይህንንም መንገድ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በሚቀጥለው ወር ማርያም ማልጄ በቅሎዬን ጭኜ ደጃፋቸው ቆምኩ። ባንኳኳ ባንኳኳ የሚከፍት የለም። ጎረቤታቸው ብርቅዬ ብቅ አለች።

«አባ እኮ ሄደዋል። መኪናዋ ወሰደቻቸው።»

«መቼ? በቤቴ በኩል አልፋ? እኔ ሳልሰማ?»

«ድምፅ የላትም ያሉት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

በቅሎዬን እየጎተትኩ በጓሮ በኩል ተመለስኩ። በዋናው መንገድ የምሄድበት ፊት አልነበረኝም።