በላም የተቀደመ ስም

ኑ ልጆቼ፣ እዚህ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አንቺ እግርሽ ያበጠው፣ በግድግዳው በኩል ሁኚ፤ ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ ወገብ ያሞቃል። «ሴት ናት አሉኝ፣ ስም ግን ጠፋኝ» ስትዪ ሰምቼ ነው የጠራኋችሁ። ስም ሲጠፋ እኔም አይቻለሁ። በእኛ ቤት አንድ ክረምት ሙሉ፣ በረዶው ወድቆ እስኪቀልጥ ድረስ፣ ጠፍቶ ነበር። የጠፋው ግን ስለሌለ አይደለም፤ ስለበዛ ነው።

ባሌ አርማን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የላም ሰው ነበር። ለላም ስም ማውጣት የእሱ ሥራ ነው፤ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። መቼም እንደምታውቁት ለየዓመቱ ጥጆች አንድ ፊደል ይወጣል፤ የዚያ ዓመት ጥጃ ሁሉ ስሟ በዚያ ፊደል ይጀምራል። ሌላው ገበሬ በደረሰው ፊደል የአበባ ስም ሰጥቶ ይገላገላል። አርማን ግን «ላም የሰው ስም ካላወጡላት ሰው አትሰማም» ባይ ነበር። ስለዚህ የሴት ስም ብቻ፣ ያውም ደህና የፈረንሳይ ስም። በረቱን ከአባቱ ከተረከበ ጀምሮ እንዲህ ሲሰይም ስለኖረ፣ በዚህ አገር ካለ የሴት ስም በእኛ በረት ያላለፈ የለም ብል አላጋነንኩም።

ልጃችን ሎራን ሚስቱን ኖኤሚን ያመጣት ከብዛንሶን ነው። የከተማ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እጇ ግን ሥራ የማይፈራ። እናትና አባቷን በልጅነቷ አጥታ አክስቷ ነበረች ያሳደገቻት። አክስትየዋ ከሠርጉ በፊት ስለሞተች እኛ አላየናትም። ኖኤሚም ስታነሳት «አክስቴ» ነው የምትላት፤ «አክስቴ ይህን ሾርባ ስትወደው»፣ «አክስቴ ብትኖር ይህን መጋረጃ ትሰፋልኝ ነበር»። ከዚያ በላይ ጠይቀናት አናውቅም።

እንግዲህ አረገዘች፤ ሕፃኗ ሴት መሆኗም ታወቀ። አንድ ምሽት ሾርባ እያወጣሁ ሳለ ኖኤሚ ማንኪያዋን አስቀመጠችና «ሉሲል ብንላትስ?» አለች።

አርማን ፊቱ በራ። «ሉሲል! ሉሲል እኮ ባልዲ ገልባጭ ነበረች። ታልባ ታልባ፣ ልትጨርስ ስትል በእርግጫ ድፍት!»

ሎራን ሳቀ። ኖኤሚም ትንሽ ፈገግ አለች። በማግስቱ «ማቲልድ» አለች።

«ማቲልድ የጎረቤታችንን የፌርናንን ጎመን በልታ ሆዷ የተነፋው አይደለችም?» አርማን ወደ እኔ ዞረ። «አስታወስሻት ዣኒን? የእንስሳት ሐኪሙ ሲወጋት የወጣው ነፋስ ባርኔጣዬን ወሰደው እኮ!»

«ብላንሽስ?» አለች ኖኤሚ።

«ጨዋ ላም ነበረች። መካን ሆነችና ለሥጋ ሄደች።»

በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። «ምን አደረግኩ? ለምን ትረግጪኛለሽ?» አለ ጮክ ብሎ። እንዲህ ነበር አርማን፤ በጠረጴዛ ሥር የተነገረውን በጠረጴዛ ላይ የሚያወጣ።

ክፋት ግን አልነበረበትም፤ ይህን እወቁልኝ። በሰው ስም ላም መጥራት ስድብ ነው ብሎ አያስብም፤ ለእሱ እንዲያውም ማክበር ነው። የልጅ ልጁ የደህና ላም ስም ብትይዝ ደስታው ነበር። ኖኤሚ ግን ከምሽት ምሽት ፊቷ እየጠቆረ፣ ሾርባዋን እየተወች ሄደች። አንዳንዴ አፏን ከፍታ አንድ ነገር ልትል ስትል አያታለሁ፤ ከዚያ ዳቦ ታነሣለች። የምትውጠው ቃል እንዳለ ገብቶኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

በመጨረሻ ሎራን ሰለቸው። «በቃ ጄኒፈር እንበላት፣ እንደ ቴሌቪዥኖቹ አሜሪካኖች። ጄኒፈር የምትባል ላም እንደሆነ የለችንም።»

አርማን ማንኪያውን ጣለ። «በዚህ ቤት የአሜሪካ ስም? ደህና የፈረንሳይ ስም ጠፍቶ ነው?»

«የፈረንሳዩንማ ለላሞችዎ ጨረሱት፣ አባባ!» አለች ኖኤሚ።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ያን ቀን ገና ሰማናት። ተነሥታ ወደ ፎቅ ወጣች። ደረጃው ሲንቋቋ ሰማን። ከዚያ ወዲህ የስም ነገር በገበታ ላይ አልተነሣም።

ልጅቱ የተወለደችው ላሞቹ ከክረምት በረት ወደ መስክ በወጡ በሳምንቱ ነው። አርማን የእሑድ ኮቱን ለበሰ፤ ከአይብ ቤቱ ያስቆረጠውን የአይብ ቁራጭ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ሆስፒታል ሄድን። ሕፃኗን ተቀብሎ አቀፋት። ዕድሜውን ሙሉ ጥጃ ሲያዋልድ የኖረ ሰው ነው፤ ሕፃን ይዞ እጁ አይንቀጠቀጥም።

«ታዲያ ማን ልንላት ነው?» አለ። «ማዘጋጃ ቤቱ እንደሆነ ብዙ ቀን አይሰጥም።»

ኖኤሚ ትራሷን ተደግፋ መጀመሪያ ሎራንን አየችው፣ ከዚያ እሱን። «ኦርታንስ» አለች።

አርማን ከልቡ ሳቀ። የምትቀልድ መስሎት ነው። «ኦርታንስንማ አሁን ጠዋት አልቤያት መጣሁ!»

ኦርታንስ የላሞቻችን መሪ ነበረች፤ ትልቁን ቃጭል የምታስረው። ማታ ማታ አርማን መስኩ በር ላይ ቆሞ «ኦርታንስ!» ብሎ ሲጣራ ሸለቆው ከዳር እስከ ዳር ይሰማዋል። እሷ ቀና ትላለች፣ ትነሣለች፣ ሌሎቹ ይከተሏታል። በመንደሩ በዚያ ጩኸት ሰዓት የሚያውቅ ሰው ነበር።

ኖኤሚ ግን አልሳቀችም። እንባዋ መጣ።

«አክስቴ ናት» አለች። «ያሳደገችኝ። ስሟ ኦርታንስ ነበር። በሰዓት ፋብሪካ የሰዓት ጥርስ ስትገጥም ኖራ ዓይኗን ጨርሳ ነው ያስተማረችኝ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ በየማታው ስሟን ሲጮሁት እሰማለሁ። ‹ኦርታንስ፣ አንቺ ሰነፍ፣ ቂጥሽን አንሺ!› ሲሏት እሰማለሁ። መናገር አፍሬ ነው ሌላ ስም የፈለግሁት። ሌላውም ሁሉ ላም ሆነብኝ።»

አርማን ሕፃኗን ለእኔ ሰጠኝ። ባርኔጣውን ከአልጋው ጠርዝ አነሣ። «ላሟ እኮ አርጅታለች» አለ ቀስ ብሎ፣ «አሁን ሌላ ስም አትማርም።» ይህን ብሎ ወጣ።

ሎራን በኮሪደሩ ተከተለው። «አባዬ፣ ላሟ ተማረች አልተማረች የኔ ጉዳይ አይደለም። ሚስቴ ያለችውን አስመዘግባለሁ።»

«ማን ከለከለህ?» አለው አርማን።

የተነጋገሩት ይኸው ነው። ሎራንም ሄዶ አስመዘገበ፤ ኦርታንስ ተባለች። ወደ ቤት ስንመለስ ሎራን ለብቻዬ ጠርቶ ሌላ ነገር ነገረኝ። ኖኤሚ «ልጄ ስሟ ላም ላይ ሲጮህ እየሰማች አታድግም፤ ወደ ብዛንሶን እንመለስ» ብላዋለች። እሱም እሺ ሊላት ምንም አልቀረውም። አንድ ልጅ ነው ያለን። ለአርማን ልንገረው ብዬ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፤ ልጁን እንዳያጣ ብሎ በግድ የተወው ነገር አይበረክትም ብዬ።

ኖኤሚ ልጇን ይዛ በገባች ዕለት፣ የማለቢያው ሰዓት ሲደርስ አርማን ቦት ጫማውን አጥልቆ ወጣ። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ድንች እየላጥኩ ጆሮዬን ወደ መስኩ አቁሜያለሁ። ፎቅ ላይ ኖኤሚ መስኮቱን ስትዘጋ ሰማሁ።

ጩኸቱ ግን አልመጣም።

ወጥቼ አየሁ። አርማን የመስኩን በር ከፍቶ ቆሟል። አፏጨ። ላሞቹ ይግጣሉ። አጨበጨበ። «ነይ! ነይ እንጂ! አንቺ!» አለ። ኦርታንስ ቀና ብላ አየችውና «ማንን ነው?» እንደማለት ተመልሳ ሣሯን ያዘች። በመጨረሻ ዱላውን ተመርኩዞ፣ የታመመ ጉልበቱን እየጎተተ ዳገቱን ወጣ፤ አንገቷ ላይ ያለውን ማሰሪያ ይዞ እየመራ አመጣት። ሲገባ ላብ አጥምቆታል።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፣ ከዚያም ወዲያ። ዝናብ ሲዘንብ ጆንያ ደርቦ ይወጣል። አንድ ቀን በረት ስገባ ደረቅ ዳቦ ይዞ ላሟ ፊት ተቀምጦ «ሮዛሊ፣ ሮዛሊ» ይላታል። ዳቦውን እየበላች ታየዋለች። መስክ ላይ «ሮዛሊ!» ሲላት ግን ጭራዋን እንኳ አልወዘወዘችም።

ጎረቤታችን ፌርናን ደግሞ ነገር አያልፈውም። አጥሩ ላይ ተደግፎ ይጠብቀው ጀመር።

«አርማን! ላሟ ደነቆረች ወይስ አንተ ዲዳ ሆንክ?»

«ሐኪም በእግርህ ሂድ ብሎኝ ነው።»

«የቱ ሐኪም? የእንስሳቱ?»

«አዎ። ላንተም የሚሆን ትልቅ መርፌ አለው፤ ልላከው?»

ኖኤሚ በመጀመሪያው ሰሞን መስኮቱን እየዘጋች ስለነበር አልገባትም። አንድ ምሽት ግን የሕፃኗን ጨርቅ ልታሰጣ ወጥታ አየችው፤ ጭቃ ውስጥ እየተንሸራተተ ሲወጣ። ወጥ ቤት መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እማማ ዣኒን፣ ለምንድን ነው የማይጠራት?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ አፍ ያለው እሱ» አልኳት።

መስኮቱን ከዚያ በኋላ አልዘጋችም።

ከዚያ የአርማን ጉልበት አበጠ፤ እንደ ዱባ ሆነ። ያን ዕለት ሎራን ከላይኛው ማሳ ድርቆሽ ሊያመጣ ሄዶ ገና አልተመለሰም። ላሞቹ ጡታቸው ሞልቶ ይጮኻሉ፤ ወተቱ ደግሞ አይብ ቤት በሰዓቱ መድረስ አለበት። አርማን በሩን ይዞ ቆሟል፤ አንድ እግሩን ወደ ዳገቱ ያነሣል፣ ይመልሳል። ኖኤሚ ሕፃኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በአጠገቤ አልፋ ወጣች። እኔም ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ተከተልኳት።

«ይጥሯት እንጂ፣ አባባ» አለችው።

«ማንን?»

«ላሟን ነዋ።»

«ሕፃኗ ተኝታለች፤ ትነቃለች።»

«ሕፃኗ ይቺትና፣ ዓይኗን አፍጥጣ።»

አርማን ሕፃኗን አያት፣ ከዚያ ጫማውን አየ። «የሰው ስም ነው» አለ።

የኖኤሚ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ ልታለቅስ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ሳቅ ኖሯል። «አክስቴን አላወቋት» አለች። «እሷም ሁለቴ ካልተጠራች አትመጣም ነበር።»

ሕፃኗን እቅፉ ውስጥ አኖረችለትና ወደ መስኩ ዞራ ተጣራች። «ኦርታንስ!» ድምፅዋ ከአጥሩ አላለፈም።

«ከሆድሽ!» አለ አርማን። «ላም በጉሮሮ አይጠራም። አገጭሽን ቀና አድርጊ፣ ከሆድሽ አውጪው!»

«ኦርታ...ንስ!»

ይህኛው የሸለቆውን ወንዝ ተሻግሮ ሄደ። ላሟ ቀና አለች፤ ተነሣች። ትልቁ ቃጭል እያቃጨለ ወረደ፣ ሌሎቹም ከኋላዋ በአንድ መስመር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላሟን የምትጠራው ኖኤሚ ሆነች። ወደ ብዛንሶን ስለ መመለስም ሎራን አላነሣልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁት። «አባባ፣ እርስዎም ቢጠሯት እኮ አይከፋኝም» ትለዋለች። እሱ ግን ያን ስም ለላሟ ዳግም ከአፉ አላወጣውም፤ ሲያልባት እንኳ «አንቺ» ነው። በተከታዩ ዓመት ጥጃ ስትወለድ ወደ ወጥ ቤት መጣና «ኖኤሚ፣ ፊደሉን ታውቂዋለሽ፣ አንቺ አውጪላት» አላት። የወንዝ ስም አወጣችላት። «ወንዝ?» አለ አርማን። «ወንዝ ስትጠሪው ይመጣል እንዴ?» ቢሆንም አልከለከላትም።

ኦርታንሳችን አድጋ ዛሬ የራሷን ቤት ይዛለች። አንቺም የእኔ ልጅ፣ ለልጅሽ የምትወጂውን ስም አውጪላት፤ ቀድሞ ማን ይዞት እንደነበር አትጨነቂበት። አደራዬ አንድ ነው፦ ስሟን ጮክ ብለሽ ስትጠሪ፣ አንዳንድ ጊዜ ያን ሽማግሌ አስቢልኝ፤ አፉን ዘግቶ ዳገቱን የወጣውን።