ፀሐይ ላይ የዋለው ከበሮ

"ይሄኛው ነው!" አለች መህጁባ፣ ከበሮውን ደጋግማ እየመታች። "ሌላውን ሰብስበው ዓላል፤ መርጫለሁ።"

የእህቷ ልጅ ቱሪያ ክው አለች። ከበሮው በዓላል ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የዋለ ነው። ፀሐይ የመታው የፍየል ቆዳ ይወጠርና ድምፁ ይጎላል፤ የሳፊ ከተማ የባሕር እርጥበት ሲያገኘው ግን ሰርግ መሃል ይልፈሰፈሳል። ይህን ለከተማው ከበሮ መቺ ሴቶች ሁሉ ስታስተምር የኖረችው ራሷ መህጁባ ናት።

"አክስቴ፣ ይሄ እኮ ፀሐይ ላይ የዋለ ነው።"

መህጁባ ዞር ብላም አላየቻት።

"ለላ መህጁባ፣ እመቤቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉን እኮ!" አለ ከበሮ ሠሪው ዓላል እየሳቀ። "ለቱሪስት ያሰጣሁትን እርስዎ ያነሱታል?"

መህጁባ ከንፈሩን አይታ ፈገግ አለች። ከረመዳን ወዲህ ግራ ጆሮዋ ጨርሶ ተዘግቷል፤ ቀኙም እየከዳት ነው። እልኸኛ ናት፣ ሞት ቢመጣ እንኳ "ቆይ" የምትል ዓይነት። ሆድ ይፍጀው ብላ ለማንም ሳትናገር ቆየች። ሠላሳ ዓመት የመራችውን የሴቶች ቡድን ጆሮ የሌለው ሰው አይመራውም። ቡድኑ የሚጫወትበት ሰርግ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ጥላው ሥር የተደረደሩትን ስምንት ከበሮዎች ሁሉ መትታቸው ነበር፤ የሰማችው ግን ይሄን አንዱን ብቻ ነው።

ቱሪያ ከበሮውን ከእጇ ወስዳ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችው።

"ይቀዝቅዝና እንስማው። አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?"

ጠበቁ። በመጨረሻ ዓላል ቆዳውን በእጁ ጀርባ ዳሰሰና መታው። መህጁባ እጁ ሲወርድ አየች። ምንም አልሰማችም። ሁለቱም ፊት ፊቷን ያያሉ።

"እንዴት ነው?" አለች ቱሪያ።

"ጥሩ ነው" ብሎ መገላገል ቀላል ነበር። ሙሽራዋ ፊት፣ ዘፈኑ በደመቀበት ሰዓት፣ ምቱ ሲስትባት ታያት። ፈራች።

"አልሰማሁትም።"

"ምኑን?"

"ምንም አልሰማም፣ ልጄ። ከረመዳን ጀምሮ።"

ዓላል አቀረቀረ። ቱሪያ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"አሁን ማልቀሻ ጊዜ የለንም" አለች መህጁባ፣ ስምንቱን ከበሮዎች ወደ እሷ እየገፋች። "በይ ምረጪ። ለኔ እጅ ሳይሆን ለእጅሽ የሚሆነውን። ዛሬ የምትመሪው አንቺ ነሽ።"

"አንቺስ?"

"አጠገብሽ ቆሜ አጨበጭባለሁ፤ እጅሽን እያየሁ።"