አውቶቡሱ የሚያድርበት ግድግዳ

አውቶቡስ የሚያድርበት መንደርና የማያድርበት መንደር አንድ አይደሉም። የሚያድርበት መንደር ሰው ጠዋት ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ የወደደውን ወንበር መርጦ ይቀመጣል። እኛ ከላይ ያለነው የዓይን ቡጥማ መንደር ሰዎች ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አናየውም። ማታ እኛን ያወርድና ባዶውን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተመልሶ ከታች ባለው መንደር፣ ሲዲ መርዙግ ያድራል።

ኩባንያው የተቋቋመው አገሩ ነፃ በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው፤ የትናንሽ ባለንብረቶችን መኪናዎች ሰብስቦ። ለኛ ኮረብታ አንድ መስመር ደረሰን። የመጀመሪያው ሾፌር ዓሊ የሲዲ መርዙግ ሰው ስለነበር፣ ማታ ከራሱ ቤት ግድግዳ ሥር አቆመው። በዚያው ቀረ። ዓሊ ሃያ ስድስት ዓመት ነድቶ ሞተ፤ ሾፌሮች ተለዋወጡ፤ አውቶቡሱም ሦስት ጊዜ በሌላ ተተካ፤ ግድግዳው ግን ያው ነው። የዓሊ ሚስት ጀናት፣ ላላ ብለን በአክብሮት የምንጠራት፣ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ልጅ የላትም።

ልጄ ኢንሳፍ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ትምህርቱ ሁለት ሰዓት ላይ የሚጀምር ሆነ። ከኛ ዘንድ ተነሥቶ መድረስ የማይቻል ነው። ባሌ ነጂብ ቱኒስ ግንባታ ላይ ነው የሚሠራው፤ በስልክ "እህቴ ጋ ትቀመጣ፣ ምን ችግር አለው?" አለ። ችግር የለውም አልኩ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቀትር አክስቷ ጋ፣ ከዚያ እስከ እሑድ ማታ እኔ ጋ። እንዲህ ሆነን ሦስተኛ ዓመት ያዝን።

በመጀመሪያው ዓመት ሹራቧ የማላውቀውን ሳሙና ሸተተኝ። በሁለተኛው ሾርባዬን ቀምሳ፣ "እማ፣ አክስቴ እኮ ድንብላል ታበዛበታለች" አለች።

"እንግዲያው አክስትሽ ጋ ስትሄጂ ድንብላል ትበያለሽ።"

እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። በሦስተኛው፣ በባካሎሪያዋ፣ በመልቀቂያ ፈተናዋ ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ቦርሳዋን ስትበረብር ቆይታ፣ "የታሪክ ደብተሬን ቤት ረስቼው መጣሁ" አለች።

ቤት አለች። የቆመችው እኮ እኔ ቤት ውስጥ ነው። ያቺ ቃል እሑድን ሙሉ አልወርድ ብላኝ ዋለች። ሰኞ ወደ ኩባንያው ቢሮ ወረድኩ።

ሁሉም በአክብሮት ሲ ሙንጂ የሚለው የመስመሮች ኃላፊ ከኋላው ትልቅ ካርታ ሰቅሏል፤ አውቶቡስ በሚያድርበት መንደር ሁሉ ላይ ቀይ መርፌ ተሰክቷል።

"ምን ልርዳሽ እህቴ?"

"አውቶቡሱ እኛ ጋ እንዲያድር ነው።"

"አልጋ አንጥፈሽለታል?"

"ደጃችን ደልዳላ ነው። ግድግዳ አለ፣ ውሃ አለ፣ ለሾፌሩም ክፍል አለ።"

ቀልዱን ተወ። "የዛሬ ሠላሳ ዓመት ሁለት መንደሮች በዚሁ ነገር ተጣልተው የፊት መስታወቱን በድንጋይ አወረዱት። ከዚያ ወዲህ ሕግ አለን። አውቶቡስ ማደሪያ የሚቀይረው የሚቀበለውም የሚለቀውም መንደር ሲፈርም ነው። ከየመንደሩ ሃያ ቤት።"

"የሚለቀው መንደር ፈርሞ ያውቃል?"

"እዚህ ወንበር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አላየሁም።"

በጎልማሶች ትምህርት ሁለተኛ ዓመቴ ስለነበር ማመልከቻውን ራሴ ጻፍኩት፤ አራት ጊዜ እየቀደድኩ። ምክንያቱን "ለተማሪዎች" አልኩ። መንደራችን ውስጥ ስድስት ተማሪዎች ስላሉ ውሸት አልነበረም። እውነቱም ግን እሱ አልነበረም።

የኛ ሰዎች በአንድ ከሰዓት ፈረሙ። ሲዲ መርዙግ ለጀናት ሳልነግር ሄድኩ። ዘይት መጭመቂያው ደጅ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሁሉም ዓም፣ አጎቴ፣ የሚለው ሳልሚ ወረቀቱን አስነብቦ ሰማ።

"ሰው ሙሽራ ይለምናል፣ ጨው ይለምናል" አለ። "አውቶቡስ የሚለምን ዛሬ ገና አየሁ።"

"ለልጆቹ ነው፣ ዓም ሳልሚ። እናንተም ትሳፈራላችሁ፤ በዚሁ በኩል እኮ ነው የሚያልፈው።"

"ያልፋል፤ ግን እናንተን ሞልቶ። እኛ ቆመን ልንሄድ ነው። ልጆቹ ይማሩ፣ ደግ ነው፤ ይህ ወገብ ግን ከእንግዲህ መቆም አይማርም።"

ሳቁብኝ። ሁለት ሰው ብቻ ፈረመ፤ አንዱ ስላዘነልኝ፣ ሌላው ከሳልሚ ጋር ስለተኳረፈ።

ስመለስ በጀናት ደጅ ማለፍ ግድ ነበር። በሩ ክፍት ነው። ኢንሳፍ ከትምህርት ተመልሳ ዱካ ላይ ተቀምጣለች፤ ጀናት ከኋላዋ ሆና እርጥብ ፀጉሯን ታበጥራለች። ልጄ የታሪክ ትምህርቷን በቃሏ ትወጣለች፤ ጀናት ደግሞ፣ አንድ ፊደል የማታውቀው ጀናት፣ "ቆይ፣ ትናንት ሌላ ዓመት ነው ያልሽው" ብላ ታርማታለች። በመስማት ብቻ ሸምድዳዋለች። እኔ ሁለት ዓመት ከፊደል ጋር የምታገለው አንድ ቀን እንዲህ አጠገቧ ተቀምጬ ላስጠናት ነበር።

"ወሲላ፣ ነይ ግቢ" አለች ስታየኝ። "በሶ በወይራ ዘይት አሽቻለሁ፣ ቅመሺ።"

"ልበላ አልመጣሁም።" እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። "ላላ ጀናት፣ እኔ በዚች ልጅ ሁለት ቀን አምጫለሁ። አንቺ ማበጠሪያ ስለያዝሽ እናት የሆንሽ ይመስልሻል?"

ጀናት ማበጠሪያውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ኢንሳፍ ዞር ብላ "እማ" አለች፣ ቀስ ብላ።

በዚያ ቅዳሜ ልጄ አልመጣችም። ሾፌሩ ዓም ሃቲ ብቻውን ወረደ።

"ፈተና አለብኝ ብላለች።"

"የምን ፈተና?"

"እኔ ሾፌር ነኝ እንጂ አስተማሪ አይደለሁም፣ የኔ እህት።"

የሰጠኋትን ምግብና የለበሰችውን ልብስ ሁሉ እያሰብኩ፣ ለዘለቄታው ብትቀርስ እያልኩ አሥር ቀን ከረምኩ፤ በሁለተኛውም ቅዳሜ አልመጣችም። በአሥራ አንደኛው ዓም ሃቲ አንድ ፖስታ ሰጠኝ። ውስጡ የሲዲ መርዙግ ፊርማ ነው፤ አርባ አንድ። ከሁሉ በላይ የጀናት አሻራ አለ።

"እንዴት አድርጋ?" አልኩት።

"ጠዋት ሰው ሁሉ ተሳፍሮ ሳለ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። 'ይህን መኪና እዚህ ያመጣው ባሌ ነው፤ የምለቀውም እኔ ነኝ። ያልፈረመ ሰው ነገ ከግድግዳዬ ሥር አይሳፈርም' አለች። ሳልሚ ስለ ወገቡ ጀመረ። 'ሳልሚ፣ ወገብህን የጎዳው መቆም አይደለም፣ መጭመቂያው ደጅ መቀመጥ ነው' አለችው። ሰው ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ፈረመ።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን ይዤ ያሰብኩት በዚህም በለጠችኝ ብዬ ነው።

አውቶቡሱ እኛ ጋ ባደረበት የመጀመሪያ ማታ ኢንሳፍ ሻንጣዋን ይዛ ከእሱ ወረደች። "መጣሽልኝ" አልኳት። "መጣሁ" አለች። የሰጠኋትን በላች፣ ዕቃ አጠበች፣ አመሰገነችኝ። ልጄ ስለ እራት አመስግናኝ አታውቅም ነበር። በሁለተኛውም ሳምንት አመሰገነችኝ። እንግዳ ነው እንዲህ የሚያደርገው።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት አብሬያት ተሳፈርኩ። ሲዲ መርዙግ ወርጄ ጀናትን ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ የምለውን ሁሉ አሰናድቻለሁ። እዚያ ስንደርስ ግን ራሷ ጀናት መንገድ ዳር ቆማለች፤ እኔ ሳልወርድ ተሳፈረች። ወንበሩ ሁሉ በኛ ሰው ተይዟል። ኢንሳፍ ብድግ አለችና አስቀመጠቻት። ልጄ ተቀምጣ የነበረችው አጠገቤ ነው፤ ጀናት ትከሻዬን እየነካች ተቀመጠች።

"ዓይኔን ላሳይ ነው" አለች፣ ወደ ፊት እያየች።

"ይማርሽ።"

ሁለት ጠመዝማዛ አለፍን።

"ላንቺ ብዬ አይደለም ያስፈረምኩት።"

"አውቃለሁ።"

"እህል አልበላ ብሏት ነበር። በሁለት ሴት መካከል የተወጠረ ልጅ ባካሎሪያ አያልፍም።"

"ላላ ጀናት፣ ያን ቀን ያልኩሽ ነገር..."

"ሰምቼዋለሁ። አትድገሚው።"

ያሰናዳሁት ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ሌላ የምሰጣት ስላጣሁ፣ "ሐሙስ ሐሙስ አንቺ ጋ ትደር" አልኩ። ዓርብ ጠዋት ከዚያው ትሳፈራለች። ቃሉ ሲወጣ እንደሚነቀል ጥርስ አመመኝ።

"እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፤ እሷን ጠይቂያት" አለች ጀናት።

ኢንሳፍ ከላያችን ቆማ የላዩን ብረት ይዛለች። ሁሉን ሰምታለች። "ሐሙስ? እሺ" አለች። ቶሎ ነው ያለችው፤ በጣም ቶሎ። ከዚያ ወደ እኔ ዝቅ አለችና፣ "እማ፣ ነገ ሾርባ ትሠሪያለሽ? ያንቺን ዓይነት" አለችኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን አድርጊልኝ ብላኝ አታውቅም።

"እሠራለሁ" አልኩ።

ቁልቁለቱ ላይ ፍየሎች መንገድ አቋረጡና ዓም ሃቲ ፍሬን ያዘ። ኢንሳፍ ተንገዳገደች፤ እጇን ወርውራ ያገኘችውን ጨበጠች። የጀናትን ትከሻ ነበር። እኔ በመስኮቱ በኩል ነኝ፣ ጀናት በመተላለፊያው በኩል፤ ቅርቧ የነበረችው እሷ ናት። ከተማ እስክንገባ ድረስ ይህንኑ ለራሴ ስነግረው ሄድኩ።