የልደታ ጫማ

የዘጠኝ ዓመቷ ልደታ ከሰንበት ትምህርት ክፍሌ ጠፋች። ጫማዋ ግን የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንደወለቀ ነው። ውጭ የስዊድን በረዶ ይጥላል።

ጥፋቱ የኔ ነው። የዕለቱ ትምህርት ስለ እግዚአብሔር ርኅራኄ ነበር። ልጆቹ ሲንጫጩብኝ ግን ንዴቴ መጣና፣ «ቁርስ በልቶ የሚቆርብ ልጅ እሳት ይጠብቀዋል!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ታናሽ ወንድሟ ወዲያው፣ «ልደታ ዛሬ የቀረፋ ዳቦ በልታ ነው የቆረበችው» አለ። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስመለስ ቦታዋ ባዶ ነበር።

ጫማዋን አንስቼ ቤተሰቧ ወደሚሳፈርበት የአካላ ባቡር ጣቢያ ሮጥኩ። ሐዲዱ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። «አምላኬ፣ በኔ ምላስ ልጅቷን አትውሰድብኝ» እያልኩ አለቅሳለሁ።

ጣቢያው ደጃፍ፣ ብስክሌት ማቆሚያው ጥግ ተሸጉጣ አገኘኋት። ስታየኝ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሁልጊዜ በስዊድንኛ የምትመልስልኝ ልጅ በአማርኛ፣ «እግዚአብሔር ነው የላከሽ?» አለችኝ።

በረዶው ላይ ተንበርክኬ ጫማዋን አጠለቅኩላት።

እሷ ግን የራሰውን ካልሲዬን ታያለች።

«ያንቺስ ጫማ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው በባዶ ካልሲ መሮጤን ያወቅኩት።