ያልተጠማው መስመር

ሐምዲያ የዕፅዋት መረጃ ቋቱን በከፈተች ቁጥር ያው ቅጠል ይጠብቃታል። ከአምስት ዓመት በፊት ለማስተርስ ጥናቷ ጀውሃ ካለው የአባቷ ማሳ የቆረጠችው የማሽላ ቅጠል ነው። አንዱ መስመር ውሃ ይጠጣ ነበር፤ ሌላው ሃያ ቀን ተከልክሏል። ተክል ሲጠማ በቅጠሉ ውስጥ የሚበዙት፣ ጥቃቅን አር ኤን ኤ የሚባሉ ሞለኪውሎች ግን በተከለከለውም ላይ ዝቅ ብለው ተገኙ። እሷም ማሽላው ድርቅ ይችላል ብላ ደምድማ ተመረቀች።

አንድ ቀን የዘር ተመራማሪዋ ውባለም ደወለችላት።

«ያንቺ ማሽላ ግመል ነው እንዴ? ቋቱ ውስጥ እንዲህ ያለ አላየሁም! ዘንድሮ ዘሩን ከማጀቴ ከተማ በታች መስኖ ለሌላቸው ገበሬዎች ልናከፋፍል ነው። እርግጠኛ ነሽ አይደል?»

«እርግጠኛ ነኝ» አለች ሐምዲያ። ስልኩን ስትዘጋ ግን የአባቷ ቃል ትዝ አላት። አባቷ አብዱልሀኪም ሊሞት ሲል «ስለዚያች መስመር ንገሪያቸው» እያለ ይቃዥ ነበር። ትኩሳቱ መስሏት ነበር።

ቅዳሜ ጀውሃ ወረደች። እናቷ ሙሀባ ደጅ ተቀምጣ ማሾ ትለቅማለች።

«እማዬ፣ አባዬ ያንን መስመር ውሃ አጠጥቶት ነበር?»

የሙሀባ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«አንቺ ወደ ሮቢት ከተማ ስትመለሺ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ በጀሪካን ውሃ ያመላልስ ነበር። ‹ተው፣ የልጅቷን ትምህርት ታበላሻለህ› ስለው፣ ‹የዘራሁት ጠምቶት እያየኝ እንዴት ቁርስ እበላለሁ? አላህስ ምን ይለኛል?› አለኝ። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው፣ ወላሂ። ኋላ ግን ከነከነው።»

ሐምዲያ ወደ ማሳው ሄደች። ዛሬ ሽንኩርት ነው ያለበት። ጀሪካኑ ፀሐይ አንጥቶት አጥሩ ሥር ቆሟል። ልታነሳው ስትል ከበዳት፤ እስከ አፉ ሞልቷል። ዝናብ ከጣለ ሁለት ወር አልፏል።

«እኔ ነኝ የምሞላው» አለች ሙሀባ ከኋላዋ። «አባትሽ ባዶውን ሲያየው ቅር እንዳይለው።»

ሐምዲያ እዚያው ቆማ ደወለች።

«ውባለም፣ ዘሩን አታከፋፍሉ። ጠጥቶ ነበር።»

«ዲግሪሽን እኮ ሊነጥቁሽ ይችላሉ» አለች ውባለም።

«ሰዎቹ ዘርተው ከሚደርቅባቸው ይሻላል።»

ከቦርሳዋ ላፕቶፕ አውጥታ ጀሪካኑ ላይ አስደገፈችና የመረጃ ቋቱን የማረሚያ ቅጽ ከፈተች። «ውሃ የተከለከለ» የሚለውን አጥፍታ «ውሃ የጠጣ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ የምክንያት ቦታ ነበረው። ብዙ አሰበችና፣ «አባቴ በስውር ያጠጣው ነበር» ብላ ላከችው።

ስክሪኑ ላይ የአር ኤን ኤዎቹ ግራፍ እንደነበረ ነው። ቅጠሉ ዛሬም ውሃ ጠግቦ ይታያል።